ያልሠራሁት የቤት ሥራ

እናቴ ወረቀት አትጥልም። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ ያውም ስሟን እስክትጽፍ ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ ጽሑፍ ያለበትን ነገር ሁሉ እንደ ክታብ ታከብረዋለች። የመብራት ደረሰኝ፣ የቀበሌ ኪራይ ካርኒ፣ የክትባት ካርድ፣ የእኔ የትምህርት ቤት ወረቀት፣ ሁሉም በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ሆነው ከእኛ ጋር አርጅተዋል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳው መንደራችን ፈርሶ ቦሌ አራብሳ ወደሚገኝ ኮንዶሚኒየም ስንገባ፣ ከጭነት መኪናው በገዛ እጇ ይዛ የወረደችው ያንን ቆርቆሮ ነበር። ምጣዱን እንኳ ለእኔ አሸክማኛለች።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ቆርቆሮውን ከፍታ ቢጫ የሆነ የደብተር ወረቀት አወጣች። ከግርጌው በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር ተጽፎበታል።

«ይኼ የፈረንጅ ቋንቋ ስትማር ያመጣኸው ማርክ ነው። ቀይ ስላለበት አስቀመጥኩልህ። ምንድን ነው የሚለው?» አለችኝ።

አነበብሁት። ከዚያም ዝም አልሁ። አንባቢዬ ሆይ፣ ያ ዝምታ ዕዳ ሆኖብኛልና ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ዕዳዬን ለመክፈል ነው።

በ1989 ዓ.ም. የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። አባቴ ከፒያሳ ወርቅ ቤቶች በአንዱ የሌሊት ዘበኛ ነበር። የወርቅ ቤቱ ባለቤት ደግ ሰው ነበሩና «ይህን ልጅ ቋንቋ አስተምረው» ብለው የመጀመሪያውን ክፍያ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡት። እንዲህ ሆነና እኔ የዘበኛ ልጅ ከዶሮ ማነቂያ ተነሥቼ፣ የዐሥር ደቂቃ መንገድ ተጉዤ፣ አሊያንስ ፍራንሴዝ ከነጋዴና ከባለሥልጣን ልጆች ጎን ተቀመጥሁ።

አንድ ማታ ስለ አንዲት የፈረንሳይ መንደር አነበብን። ሴን ቬራን ትባላለች። በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በአልፕስ ተራሮች ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,040 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ትንሽ መንደር ናት፤ በአውሮፓ በከፍታቸው ከታወቁት መንደሮች አንዷም ናት። ምንባቡ በሦስት አርእስት የተከፈለ ነበር፦ መልክዓ ምድር፣ ታሪክ፣ ኢኮኖሚ። ቤቶቹ ከድንጋይና ከእንጨት እንደተሠሩ፣ በቀድሞው ዘመን ረጅሙን ክረምት ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር ያሳልፉ እንደነበር፣ በኋላም የመዳብ ማዕድኑ ሲዘጋ መንደሪቱ በጎብኚዎች መኖር እንደጀመረች ይተርካል። አስተማሪያችን መጽሐፉን ዘግተው «ለሚቀጥለው ሳምንት እናንተም ስለ መንደራችሁ በእነዚህ በሦስቱ አርእስት ጻፉ» አሉን።

እኔ ስለ ዶሮ ማነቂያ አልጻፍሁም። ስሙን በክፍሉ ውስጥ ጮክ ብዬ ማንበብ እንዳለብኝ ሳስብ ጆሮዬ ጋለ። ስለዚህ እናቴ የተወለደችበትን፣ እኔ ግን አንድም ቀን ረግጬው የማላውቀውን የመንዝ መንደር መንደሬ አደረግሁት። ገብስ ዘራሁበት፤ በግ አሰማራሁበት፤ በረዶም ሳላዘንብበት አልቀረሁም። አስተማሪያችን ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ከግርጌው በቀይ እንዲህ ጽፈውበት ነበር፦ ፈረንሳይኛህ መልካም ነው፤ መንደሩን ግን አላየሁትም።

እናቴ እንደ ማርክ ያስቀመጠችልኝ ይህ ነበር። እነሆ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ መንደሩ ከሌለ በኋላ፣ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ።

አንደኛ፦ መልክዓ ምድር

እኛ ፒያሳዎች የተራራ ሰዎች መሆናችንን አናውቅም ነበር። ተራራ ስንል እንጦጦን ነበር የምናስበው፤ በስተሰሜን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ፣ በክረምት ጉም ለብሶ፣ በበጋ ባሕር ዛፉን ደርቦ ከበላያችን የሚቆመውን። ነገር ግን ያቺ በከፍታዋ የተመሰገነች የፈረንሳይ መንደር ተነቅላ ፒያሳ ብትተከል ኖሮ ከእኛ ከ300 ሜትር በላይ ወደ ላይ መውጣት ይጠበቅባት ነበር። ጊዮርጊስ አካባቢ ከፍታው ከ2,400 ሜትር ያልፋል። ሜዳ ነው የምንለው የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እንኳ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ሌሊት ሌሊት ጋቢ ደርበን ስንንቀጠቀጥ የከረምነው ለካ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ከተማይቱ ከእንጦጦ ግርጌ ወደ ደቡብ እየወረደች የተዘረጋች ናት። ከተራራው የሚወርዱት ወንዞች መሬቱን እንደ ሸማ እጥፋት ሸንሽነውታል፤ በሁለት ሸለቆ መካከል አንድ ሸንተረር፣ በሁለት ሸንተረር መካከል አንድ ሸለቆ። ወንዝ ስላለ ድልድይ አለ፤ ድልድይ ስላለ ስም አለ፤ ራስ መኮንን ድልድይ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ። ፒያሳ ማለት የሸንተረሩ ጀርባ ነው። መንገዱ፣ ሱቁ፣ ሲኒማው፣ ካፌው፣ ነፋሻው ሁሉ ጀርባው ላይ ነው። ከጀርባው ወደ ሸለቆው በሚያዘቀዝቀው ጎን ላይ ደግሞ እኛ ነበርን፦ ዶሮ ማነቂያ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ እሪ በከንቱ። እሪ በከንቱ ስሙ ራሱ ይናገራል። በሸለቆው ቀማኛ የያዘው ሰው ቢጮህ የሚደርስለት አልነበረምና ጩኸቱ በከንቱ ነው ይላሉ።

የዶሮ ማነቂያን ጉራንጉር ላላየ ሰው መንገር ይከብዳል። በእኛ ቅያስ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ትከሻውን ማዞር ነበረበት፤ ጃንጥላ የያዘ ሰው ማጠፍ ነበረበት። ከቤታችን ደጃፍ እስከ አስፋልቱ 142 እርምጃ ነበር። በልጅነቴ ቆጥሬዋለሁ፤ ሳድግ እርምጃዬ ሰፍቶ ቁጥሩ ሲቀንስ የተሰማኝን ቅሬታ አስታውሳለሁ። ከአስፋልቱ ደርሰህ ወደ ግራ ብትል ዳቦ ቤት፣ ወደ ቀኝ ብትል ፋርማሲ፤ ጥቂት ብትራመድ ሲኒማ፤ ወደ ላይ ብትቀጥል ጊዮርጊስ።

በክረምት የሸንተረሩ ውኃ ሁሉ በእኛ ደጅ ያልፋል። አስፋልት የመጠጣት ልማድ የለውምና የጠጣነው እኛ ነበርን። ሐምሌና ነሐሴ አባቴ ከሌሊት ሥራው ሲመለስ መጀመሪያ የሚያነሣው አካፋ ነበር። ለዐሥራ አንድ ቤተሰብ አንድ መጸዳጃ ነበረን። ይህን የማነሣው ለምንድን ነው? መንደር ከፈረሰ በኋላ በትዝታ ውስጥ ሽታውን ያጣልና፣ ወደ ሐሰተኛው የመንዝ መንደሬ እንዳልመለስ ብዬ ነው። በሴን ቬራን እሳት ከአንዱ ወደ አንዱ እንዳይዛመት መንደሩን ክፍል ክፍል አድርገው በመካከሉ ባዶ ቦታ ትተው እንደሠሩ አንብበናል። የእኛ ቤቶች ግን አንድ ግድግዳ ለሁለት ነበራቸው። እሳት ቢነሣ ማምለጫ አልነበረንም፤ አንዱ ቤት ቡና ሲቆላ ግን ሌላው ቤት ሳይጠራ ይመጣል።

ሁለተኛ፦ ታሪክ

ሰፈር የሚለው ቃል ከግሡ የወጣ ነው፤ ጦር የሰፈረበት ማለት ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውኃ ወርደው አዲስ አበባን ከሰየሙበት ከ1879 ዓ.ም. በኋላ መኳንንቱ እየወረዱ በየኮረብታው ሰፈሩ። በየመኳንንቱ ዙሪያ ደግሞ ወታደሩ፣ ሎሌው፣ እንጀራ ጋጋሪው፣ ጠጅ ጣዩ ሰፈረ። ከተማይቱ ገና ከጅምሩ በድንኳን ሥርዐት የተሠራች ናት፦ ጌታ ከላይ፣ አገልጋይ በዙሪያው፣ ሁሉም እርስ በርሱ በሚሰማማበት ርቀት። ደጃች ውቤ ሠፈር የሚለው ስም ከደጃዝማቹ በኋላ በረሃ ተብሎ የሌሊት መዝናኛ መጠሪያ እስኪሆን ድረስ ቆይቷል።

አራዳ ገበያ ነበረች። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የተዘረጋችው ይህች ገበያ የምኒልክ ከተማ ሆድ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከየአገሩ በበቅሎና በአህያ የመጣው እህል፣ ማር፣ ቅቤ፣ ቆዳ፣ ጨርቅ ይወርድባታል፤ በአሞሌ ጨውና በማርትሬዛ ብር ይገበይባታል። ጸጥታዋን የሚያስከብረው የአራዳ ዘበኛ ነበር፤ አባቴ በዚህ ስም ይኮራ ነበር፤ «እኛ ዘበኞች ከፖሊስ በፊት ነበርን» ይላል። በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ የዘመተው የጊዮርጊስ ታቦት ማደሪያው እዚያው ነው። ከዘመን በኋላ በድንጋይ የታነጸው ስምንት ማእዘን ቤተ ክርስቲያን ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበት ነው። በገበያው ዙሪያ አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ህንዱ፣ የመኑ ሱቁን ከፈተ። ወርቅ ሠሪ፣ ልብስ ሰፊ፣ ፎቶ አንሺ፣ ሰዓት ጠጋኝ መጣ። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ከጂቡቲ የሚመጣው ዕቃ ቁልቁል ካለው ጣቢያ ተነሥቶ ሽቅብ ወደ አራዳ ይወጣ ጀመር።

ከዚያ ጠላት መጣ። በ1928 ዓ.ም. ከተማይቱ ተያዘች። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በነበሩት ሦስት ቀናት ሕዝቡ ተጨፈጨፈ፤ ቤቶች ከነሰዎቻቸው ነደዱ፤ የጊዮርጊስም ቤተ ክርስቲያን በእሳት ተለኮሰ። ወራሪው ነጭና ጥቁር እንዲለያይ ባወጣው ዕቅድ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ወሰደው። ዛሬ መርካቶ የምንለው ያ ነው። ሸንተረሩን ለራሱ አስቀረና በቋንቋው አደባባይ ማለት የሆነውን ፒያሳ የሚል ስም አወጣለት። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ሲባረር ስሙ ቀረ፤ ማኪያቶውም ቀረ። መንገዶቹ ግን ሌላ ስም ተሰጣቸው፤ አንዱ ዐድዋ፣ አንዱ ደግሞ የእንግሊዙ ጄኔራል ካኒንግሃም ተባሉ። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደጎል በ1958 ዓ.ም. መጥተው ነበርና አንዱ አደባባይ የእሳቸውን ስም ያዘ። ፈረንሳይኛ ልማር ስሄድ በደጎል በኩል አልፍ ነበር፤ አንድ የፈረንሳይ ስም ከእኛ መንደር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ላይ ቆሞ ሳለ እኔ መንደሬን በፈረንሳይኛ መጻፍ አፈርሁ።

ወላጆቼ ወደ ዶሮ ማነቂያ የገቡት ከአብዮቱ በፊት በኪራይ ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። የእኛም ኪራይ ቀንሶ 11 ብር ሆነ፤ ለዐሥርት ዓመታትም 11 ብር ሆኖ ኖረ። የቤቱ ባለቤት የነበሩት እመት ከፊት ለፊታችን በቀረችላቸው አንድ ቤት ኖሩ። እናቴ ቡና ባፈላች ቁጥር የመጀመሪያውን ስኒ የምትልከው እስኪሞቱ ድረስ ለእሳቸው ነበር። ይህን ፖለቲካ ብሎ የሚጠራው ሰው አላጋጠመኝም።

አዋጁ ሁለት ነገር አደረገ። በአንድ በኩል ድሀው ከከተማው እምብርት እንዳይገፋ አደረገ፤ በወር 11 ብር ከወርቅ ቤት ጀርባ መኖር በየትኛውም የዓለም ከተማ የሚገኝ ነገር አይደለም። በሌላ በኩል ቤቱ ባለቤት አልባ ሆነ። ቀበሌ በ11 ብር ጣሪያ አይቀይርም፤ ተከራዩም የራሱ ያልሆነውን ቤት በሙሉ ልቡ አያድስም። ስለዚህ ጭቃው ረገፈ፤ ቆርቆሮው ዛገ፤ ልጆች በተወለዱ ቁጥር ቆጥ ተሠራ። መንደራችንን ያረጀው ዕድሜው ብቻ አልነበረም።

የካቲት 2016 ዓ.ም. በሸንተረሩ ላይ የዐድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። ብዙም ሳይቆይ የኮሪደር ልማቱ ተጀመረና ዶሮ ማነቂያም እሪ በከንቱም ሠራተኛ ሰፈርም ፈረሱ። ታሪክ ሦስት ጊዜ አነሣን ማለት ነው፦ መጀመሪያ ገበያውን፣ ቀጥሎ ባለቤትነቱን፣ በመጨረሻ ሰዎቹን። ሦስቱን አላመሳስላቸውም፤ አንሺዎቹም ዓላማቸውም ለየቅል ነበሩ። ለሚነሣው ሰው ግን ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ነገ የምበላው ከየት ነው?

ሦስተኛ፦ ኢኮኖሚ

አንድ ቀለበት ተሸጠ እንበል። ጊዜው ጥር ነው፤ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሠርገኛው ይቻኮላል። ከገጠርም ከከተማም ሙሽሮች ወደ ፒያሳ ወርቅ ቤቶች ይጎርፋሉ። አባቴ በር ላይ ሆኖ ያያቸዋል። ሙሽራው ቀለበቱን ካስለካ በኋላ ሚዜዎቹን ይዞ ምሳ ሊጋብዝ ወደ አንዱ ምግብ ቤት ይገባል። የዚያ ምግብ ቤት እንጀራ የእናቴ ነው። ባለምግብ ቤቷ እንጀራ ካጠራት አንድ ልጅ ቁልቁል ትልካለች፤ ልጁ 142ቱን እርምጃ ሮጦ ይወርዳል፤ እናቴ ሃያውን እንጀራ ሸፍና ትሰጠዋለች፤ ሲደርስ ገና ትኩስ ነው። ልጁ እዚያው የእኛው ቅያስ ልጅ ነው፤ ለመላላኩ ሳንቲም ያገኛል።

እናቴ ምጣዷን የምታነደው፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ እስክትገዛ ድረስ፣ በእንጦጦ ቅጠል ነበር። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከውጭ መጥቶ ተራራውን ከሸፈነ ወዲህ ሴቶች ቅጠሉንና ጭራሮውን ከቁመታቸው በላይ አስረው፣ ጎብጠው፣ ከተራራው ይወርዱ ነበር። አንዲቷ የእናቴ ደንበኛ ነበረች። ሸክሟን ከደጃችን ስታወርድ ጀርባዋን ወዲያው ማቅናት አትችልም ነበር፤ ለጥቂት ጊዜ ጎንበስ እንዳለች ቆማ ውኃ ትጠጣለች። የልጅነት ዓይኔ ያየው የኢኮኖሚ ትምህርት ይህ ነው፦ ቀለበቱ ከተሸጠበት ሸንተረር እስከ ቅጠሉ ተራራ ድረስ ገንዘቡ በእግር ይሄድ ነበር፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድም እያነሰ ይሄድ ነበር፤ ግን ይደርስ ነበር።

ወርቅ ቤቱም ብቻውን አልነበረም። ወርቅ ሠሪው፣ አስተካካዩ፣ ዘበኛው፣ ሊስትሮው፣ የሰዓት ባትሪ ቀያሪው፣ ጫማ ሰፊው፣ ልብስ አጣቢዋ፣ የጉሊት ቲማቲም ሻጯ፣ ሎተሪ አዟሪው፣ ማታ ማታ ድንች የምትጠብሰው፤ ብዙዎቹ የሚኖሩት ከሸንተረሩ ሥር ነበር። የትራንስፖርት ወጪያቸው ጉልበታቸው ነበር። ልጅ ቢታመም ከሥራ ሮጦ ማየት ይቻላል። ዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅ ቤትህን ያውቀዋል፤ ቤትህን ስለሚያውቅ ያበድርሃል። ይህን ሁሉ አንድ ላይ አድርገህ ብትጠራው ስሙ ቅርበት ነው። እኛ ሀብታችን ቅርበት ነበር፤ ግን ሀብት መሆኑን አናውቅም ነበር፤ ድህነታችን ብቻ ነበር የሚታየን።

አባቴ በሕይወት ሳለ ስለ ወርቅ ቤቱ የሚነግረኝ አንድ ነገር ነበር። «የወርቅ ሠሪ ጥራጊ አይጣልም» ይላል። ወለሉ ሲጠረግ አቧራው በከረጢት ይጠራቀማል፤ ከጊዜ በኋላ ተቃጥሎና ተጣርቶ በዓይን ያልታየው ወርቅ ይወጣበታል። መንደራችን ፈርሶ ፍርስራሹ በገልባጭ መኪና ሲጫን ከሩቅ ቆሜ ሳይ ይህ ቃሉ ነበር የመጣብኝ። ያ ሁሉ አቧራ ሳይጣራ ሄደ።

የተሰጠንን አልክድም። ሁለት ክፍል፣ ወጥ ቤት፣ የራሳችን መጸዳጃና መታጠቢያ አግኝተናል። እናቴ በሰባ ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ በር ውስጥ ቆልፋ ስትታጠብ ከውስጥ ስትስቅ ሰምቻታለሁ። ያንን ሳቅ የሚቃወም ትዝታ ካለ ትዝታው ይቅርብኝ። በክረምትም አካፋ የሚያነሣ የለም።

ይሁን እንጂ ምጣዱ ቀዝቅዟል። የቆዩ ደንበኞቿ ምግብ ቤቶች አንዳንዶቹ ፈርሰዋል፤ የቀሩት ሩቅ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሠላሳ እንጀራ ጋግራ፣ በጠዋት ተነሥታ፣ ሁለት ጊዜ መኪና ቀያይራ ፒያሳ ወስዳ ነበር። ስትመለስ ሒሳቡን በጣቶቿ ሠራችው፤ የመኪናው፣ የጤፉ፣ የመብራቱ፤ የቀራት ለራሷ ምሳ አይበቃም ነበር። እንጀራውም ሲደርስ ቀዝቅዞ ነበር፤ ከሁሉ ያሳፈራት እሱ ነበር። ያለነው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለም። «ዳገቱ ተከትሎን መጣ» ትላለች ጉልበቷን እያሸች። የዶሮ ማነቂያው ዳገት ግን ወደ ገበያ ያደርሳት ነበር፤ ይህኛው ወደ ቤት ብቻ ነው የሚያደርሳት።

አንድ ቤት ሲነሣ ክፍሉ ይለካል፤ ካሬ ሜትሩ ይጻፋል። ተተኪው ቤት በካሬ ሜትር ከፈረሰው ይበልጣል፤ ይህ እውነት ነው። 142ቱ እርምጃ ግን በየትኛው መዝገብ ይጻፍ? ባለሱቁ ቤታችንን ማወቁ በየትኛው ሜትር ይለካ? እኔ ራሴ፣ ተወልጄ ያደግሁበት፣ ያንን በወረቀት አስፍር ስባል ወደ መንዝ የሸሸሁ ሰው፣ ሌላው ሳይጽፈው ቀረ ብዬ መውቀስ ይቻለኛልን?

ዕድራችን አልፈረሰም፤ ተበተነ እንጂ። ባለፈው ዓመት ከቅያሳችን አንዲት እናት ዐረፉ። በዶሮ ማነቂያ መኪና ስለማይገባ ሬሳ በጎረቤት ትከሻ ተሸክሞ ሽቅብ ወደ አስፋልቱ ይወጣ ነበር፤ በየመታጠፊያው ሣጥኑን አዘንብለን፣ በእጅ እየተቀባበልን። አሁን አባላቱ ከአራቱም ማዕዘን በመኪና ተሰብስበው መጡ። አንዳንዱ ቀብሩ ካበቃ በኋላ ደረሰ። ሣጥኑን ከፎቅ ስናወርድ በደረጃው መታጠፊያ ላይ አንዱ አረጋዊ «ዘንበል አድርጉት፣ በእኛ ሰርጥ እንደምናደርገው» አሉ። እጃችን አልረሳውም ነበር። ያለምንም ቃል አዘንብለን፣ ተቀባበልን፣ አወረድናቸው።

የቤት ሥራዬ ይህ ነው። ትናንት ማታ ለእናቴ አነበብሁላት። በመጀመሪያ ግን ያንን ቀይ መስመር በአማርኛ ነገርኋት፤ ማርክ እንዳልነበረ፣ ስለ እኛ መጻፍ አፍሬ ስለ መንዝ እንደዋሸሁ። ይከፋት ይሆን ብዬ ፈራሁ። ጥቂት አሰበችና፦

«መንዝ መቼ አየህና ነው የጻፍከው?» አለችኝ።

«አላየሁም።»

«እሷስ ብትሆን አላየሁትም ማለቷ ታዲያ ምን አጠፋች?»

ከዚያ እስከ መጨረሻው ጸጥ ብላ አዳመጠችኝ። ስጨርስ መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«የቦኖውን ውኃ ረሳኸው» አለችኝ። «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነበር የምንሰለፈው። ጀሪካኑን በወረፋ አስቀምጠን፣ ብርድ ልብስ ለብሰን፣ እያወራን። የአንተን ስም እንኳ ያወጡልህ እዚያ ሰልፍ ላይ ነው። ጻፈው።»

እነሆ ጻፍሁት።